ነስር

መጀመሪያ የሰማሁት ቃል ‹ሐርብ› ነበር።
ሻርጃ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ልብስ ስተኩስ፣
ከአልጋዬ የሚሰፋው ቴሌቪዥን ‹ሐርቡ› አለ።
ካውያውን እንደያዝኩ ዞርኩ፤
የተወለድኩባትን፣ የሐርቡን ስም
እዚህ ድረስ ማን አመጣው ብዬ።
ሐርብ ለካ ጦርነት ነው።
ሸሚዙ ተቃጠለ። ማዳም ከደሞዜ ቆረጠች።

ከዚያ ወዲህ በቃል ሀብታም ሆንኩ።
ሽንኩርት በጣቴ እያሳየሁ የምጠይቅ፣
ጨውን ‹ያ ነጩ› የምል ሴትዮ
ግንባርን አወቅሁ፣ ጥምር ኃይልን አወቅሁ፣
‹ሌላ ምርጫ አልተውልንም›ን ሳልደናቀፍ እወጣዋለሁ።
ባባ ጃሲም ከሱብሂ እስከ ዒሻ አያጠፋውም፤
ክራባተ ቀዩ ሰውዬ ሲናገር
የኔም ከንፈር አብሮት ይሄዳል።

‹ደርባ ደቂቃ› ይላል፣ ካርታውን በዘንግ እየነካ።
ደቂቃ?
ስድሳ ሰከንድ የሚፈጅ ነገር መስሎኝ
እፎይ አልኩ። አጭር ነው፣ ያልፋል።
‹አይደለም› አለችኝ ታች ፎቅ ያለችው ሉባባ፣
ስድስት ዓመት የቆየች፣ ሁሉን የምታውቅ፤
‹ዒላማውን የማይስት፣ የተጠነቀቁለት ምት ማለት ነው።›
እሺ። እኔ ግን መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም
አንድ አጥር ከሚጋሩበት ሰፈር ነው ያደግሁ፤
ደቂቅ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ።
ትንንሾቹ ናቸው። ገና ጥርስ ያላበቀሉት።
ካርታው ላይ ግን ልጅ የለም፤
ቢጫ መሬት፣ ቀይ ቀስት፣
ከሰማይ የተነሳ ጣሪያ፣
ቀጥሎ ጭስ፣ ቀጥሎ የሽቶ ማስታወቂያ።

በአራተኛው ወር ‹ነስር›ን አመጡ።
ነስር ጠዋት፣ ነስር ማታ፣ ነስር በወርቅማ ፊደል።
እጄ ሳላዘው ወደ አፍንጫዬ ሄደ።
ወንድሜን ይመርን ሲነስረው
እናቴ ቀዝቃዛ ውሃ አናቱ ላይ ታፈስለት ነበር፣
‹ቆይ፣ ቆይ፣ ይቆማል› እያለች።
እዚህ ነስር ድል ነው።
ሰውዬው ‹ነስር!› ሲል ባባ ጃሲም ጭኑን ይመታል፣
የአራት ዓመቷ ሐምዳ ሶፋው ላይ ትዘላለች፣
እኔ መሀረብ እፈልጋለሁ።

ድምፁን ግን አውቀዋለሁ። አልዋሽም።
በኛም ጊዜ፣ በኛው ቋንቋ፣ ይኸው ድምፅ መጥቶ ነበር፤
‹ተገደን ነው› ያለ፣ ‹በሳምንት ያልቃል› ያለ።
ኮምቦልቻ፣ ክር ስፈትል በምውልበት ፋብሪካ ግቢ
ሰብስበው ሲያናግሩን
ከፊት የቆምኩት እኔ ነኝ።
የሁለት ወር ደሞዝ ሰጥቼ፣ የጆሮ ጌጤን አውልቄ
እልል ያልኩት እኔ።
ካሜራው አየኝ። ማታ በዜና ወጣሁ፣
ሦስት ሰከንድ፣ አፌን ከፍቼ።
ይመር ከጎረቤት ቤት ሆኖ አየኝ።
‹ኮራሁብሽ› አለኝ በስልክ።
በማግስቱ ተመዘገበ።

ሦስት ሰከንድ።
ሉባባ ትሙት፣ ከዚያ ወዲህ እልል ብዬ አላውቅም።

ትናንት ማዳም ጥቁር አባያዋን አመጣች፤
‹ነገ የሴቶች ማኅበር ካሜራ ይጠራል፣ በደንብ ተኩሺው።›
አምባሯን ልትሰጥ ነው።
ልጇ ራሺድ የደንብ ልብሱን ለብሶ ከጎኗ ይቆማል፤
አሁንም እዚያ ቆሟል፣ መስታወት ፊት፣
ኮሌታውን እያስተካከለ።

ልነግራት ፈለግሁ።
አፌን ስከፍት የመጣልኝ ዓረብኛ ሁሉ የሰውዬው ነው፤
ግንባር አለ፣ ጥምር ኃይል አለ፣ ምርጫ የለም አለ፣
‹ልጅሽን ያዢው› የሚል ግን
አንድ ቀን አልተናገረም።
‹ምን ሆንሽ?› አለችኝ።
አፍንጫዬን በሁለት ጣት ይዤ፣
በሌላው እጄ ራሺድን እያሳየሁ
‹ነስር› አልኳት። ‹ነስር፣ ማዳም። ነስር።›

ፊቷ በራ።
‹ኢንሻ አላህ› አለች፣ ‹ኢንሻ አላህ፣ ልጄ›፤
ጎንበስ ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።